የሙግት ካርታ፦ በኋለኛው መካከለኛ ዘመን ሕግና በጥንት ካርታ ጥናት ሙያ ለመያዝ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የመሬት ወሰን በአብዛኛው በቃል ይነገራል እንጂ አይሣልም ነበር። ከዚህ ቦይ እስከዚያ የድንጋይ መስቀል፣ ከመስቀሉ እስከ ወንዙ መታጠፊያ፣ ከዚያም አሮጌውን መንገድ ይዞ እስከ ወፍጮው፤ ሰነዱ እንዲህ እያለ ዙሪያውን ዞሮ ይገጥማል። ሥዕል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቃሉ ማከራከር ሲጀምር ነው። ገዳምና መስፍን ወይም ሁለት መንደሮች አንዱን ረግረግ «የእኔ ነው» ሲሉ ያኔ ብራናና ቀለም ይቀርባል።

ስለዚህ የዚህን ዘመን የአካባቢ ካርታ የሚያጠና ሰው መነሻው ክሱ መሆን አለበት፤ ካርታው በኋላ ይደርሳል። ብዙ ጀማሪዎች የሚያደርጉት ግልባጩን ነው። በቀለሙና በተሣሉት አብያተ ክርስቲያናት ተማርከው ይገባሉ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ካርታውን ማን፣ በማን ላይ፣ ለየትኛው ዳኛ እንዳሣለው መልስ የላቸውም። ከዚህ በታች የቀረበው መንገድ ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተካክል ነው። ምሳሌዎቹ የእንግሊዝ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ርዕስ ሲመርጡ

ከ1500 በፊት ተሥለው እስከ ዛሬ የቆዩት የእንግሊዝ የአካባቢ ካርታዎች ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። በ1986 በስኬልተንና በሃርቪ አርታኢነት የወጣው ጥራዝ እስከዚያ የታወቁትን ሰብስቦ አንድ በአንድ መርምሯቸዋል። «አዲስ ካርታ አገኛለሁ» ብሎ የዶክትሬት ጥናት ማቀድ እንግዲህ ቁማር ነው። የችሎት መዝገቡ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው የመካከለኛው ዘመን የክርክር ጥቅል አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነበው አይጨርሰውም፤ አብዛኛው አልታተመም፣ የስም ማውጫም የለውም። አዲስ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። የታወቀ ካርታ ይያዙና ያልታወቀውን ክሱን ይፈልጉ።

ወሰኑን ጠበብ ያድርጉት፦ አንድ አውራጃ ወይም አንድ ረግረግ፣ ከ40 እስከ 60 ዓመት። «ሕግና ካርታ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ» የሚል ርዕስ ለገንዘብ ማመልከቻ ያምራል፣ ለሥራ ግን አይሆንም። ጠበብ ማለት የሚያስፈልገው በአንድ የፍርድ ዘመን (ችሎቱ በዓመት አራት ጊዜ ከሚቀመጥባቸው ወቅቶች በአንዱ) ውስጥ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና ቅጠሎች ስላሉ ነው። አሥር ዓመት ማለት አርባ የፍርድ ዘመን ነው፤ ያውም በአንድ ችሎት ብቻ።

ቋንቋው

ሦስት ቋንቋ ያስፈልጋል። መዝገቡ የተጻፈው በላቲን ነው። ጠበቆች ችሎት ፊት የተከራከሩት በዘገባዎቻቸው ላይ የሚገኘው በሕግ ፈረንሳይኛ፣ ማለትም የእንግሊዝ ጠበቆች በሚጽፉበት ፈረንሳይኛ፣ ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ደግሞ አቤቱታዎች በዘመኑ እንግሊዝኛ ይበዛሉ። በ1362 የወጣው አዋጅ ክርክሩ በእንግሊዝኛ እንዲነገር፣ መዝገቡ ግን በላቲን እንዲቀር አዘዘ፤ አዋጁ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር! ጠበቆቹም በፈረንሳይኛ መዘገባቸውን አልተዉም። ስለዚህ አንድ ክስ በሦስቱም ቋንቋዎች ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል።

የችሎት ላቲን ከጥንታዊ ሮማ ደራስያን ላቲን በብዙ ይቀልላል፤ አንድ ዓይነት አባባል ስለሚደጋግም ነው። የሰዋስው መሠረት ከያዙ በኋላ ጊዜዎን በቅኔ ላይ አያጥፉ። ሠላሳ አርባ የሚሆኑትን ቋሚ አባባሎች በቃልዎ ይያዙ፦ ከሳሹ በነገረ ፈጁ በኩል ቀረበ፣ ተከሳሹ አልቀረበም፣ ለሸሪፉ (በአውራጃው ላለው የንጉሡ ሹም) ታዘዘ፣ ቀን ተሰጣቸው። «ፖኒት ሴ ሱፐር ፓትሪያም» የሚለውን ሲያዩ ተከሳሹ ነገሩን ለአካባቢው ጁሪ፣ ማለትም መሐላ ለፈጸሙ የአካባቢው ሰዎች፣ መተዉን ወዲያው ማወቅ አለብዎት፤ ከዚህ ሐረግ በኋላ ክርክሩ አብቅቷል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የጁሪ ጥሪ ነው። አባባሎቹን ያወቀ ሰው አንድን ቅጠል በዐይኑ ጠራርጎ የተለየው ነገር የቱ ጋ እንዳለ ያገኛል። ያላወቀ ሰው እያንዳንዱን መስመር ይተረጉምና ይደክማል።

እጅ ጽሑፉን ማንበብ

የንጉሡ ችሎት ጸሐፊዎች ብራና ይቆጥቡ ነበር፤ ቃላቱን ያሳጥራሉ። በቃሉ ላይ የተሰመረች ጭረት የተዘለለ «መ» ወይም «ነ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በመጨረሻ የተጠመዘዘች ጅራት ደግሞ አንድ ሙሉ የቃል መጨረሻ ትይዛለች። ከዚህ የሚከፋው የቋሚ ጭረቶች ጣጣ ነው። በላቲን ፊደል «ኢ»፣ «ኤን»፣ «ኤም»ና «ዩ» የሚጻፉት አንድ ዓይነት አጫጭር ጭረቶችን በመደርደር ነው። ስድስት ጭረት ተደርድሮ ቢያገኙ አንባቢው ከዐውዱ ካልገመተ ከአምስት በላይ ንባብ ይወጣዋል። መድኃኒቱ ጭረቶቹን መቁጠርና ቁጥሩን በግልባጩ ጠርዝ ላይ መጻፍ ነው። ለተራ ቃል ይህ ብዙ አያስፈልግም፤ ለቦታ ስም ግን ግዴታ ነው። የካርታ ጥናት የሚበላሸውም እዚያው ነው። በስህተት የተነበበ የቦይ ስም ሌላ ቦይ ሆኖ ካርታው ላይ ይቀመጣል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በ1887 የተመሠረተው ሰልደን ማኅበር የእንግሊዝን የሕግ ታሪክ ምንጮች ከትርጉም ጋር እያሳተመ ይገኛል። ከታተሙት ክሶች አንዱን ይምረጡ፣ የመጀመሪያውን ጥቅል ምስል ያግኙ፣ የታተመውን ሳያዩ ይገልብጡ፣ ከዚያ ያስተያዩ። ሲገለብጡ መስመር በመስመር ይሂዱ፤ እርስዎ የሞሉትን ፊደል በቅንፍ ያስገቡ፣ ያልገባዎትን በጥያቄ ምልክት ይተዉት። ጥርጣሬን ሳይጽፉ መተው የዚህ ሥራ ዋና ጠንቅ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ንባብ እንደሆነና የትኛው ግምት እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ጥቅሉን መፈለግ

ሁለቱን ትልልቅ ተከታታዮች ይወቁ። የንጉሥ ችሎት ጥቅሎች መለያቸው ኬቢ 27 ነው፤ የመሬትና የዕዳ ክርክር የሚበዛበት የጋራ ክሶች ችሎት ሲፒ 40 ነው። ለቻንስለሩ፣ ማለትም አቤቱታ ለሚሰማው የንጉሡ ከፍተኛ ሹም፣ የቀረቡ የቀድሞ አቤቱታዎች ሲ 1 ውስጥ ናቸው። የላንካስተር ዱቺ (የላንካስተር መስፍን ግዛት) መዛግብት በዲኤል ይጀምራሉ። የኬቢ 27ና የሲፒ 40 ምስሎች በብዛት በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በሚጠበቀው የአንግሎ-አሜሪካ የሕግ ቅርስ ስብስብ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ፤ ወደ ኪው ከመሄድዎ በፊት ከቤትዎ ብዙ ርቀት መሄድ ይችላሉ።

የችሎት ጥቅል እንደ ስሙ የተጠቀለለ ረጅም ብራና አይደለም። ቅጠሎቹ በራሳቸው በኩል ተደርበው ከላይ አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባ አለው። በግራ ጠርዝ የአውራጃው ስም ይጻፋል፤ ዐይንዎ መውረድ ያለበት በዚያ ጠርዝ ነው። በምስል ስብስቡ ውስጥ ፊቶቹና ጀርባዎቹ ብዙ ጊዜ በተለያየ አቃፊ ስለሚቀመጡ፣ ፊት ላይ የጀመረ ክርክር ጀርባ ላይ ሲቀጥል ሌላ አቃፊ መክፈት ያስፈልጋል። የምስሉ ቁጥርና የቅጠሉ ቁጥርም አይገጥሙም። በጥናትዎ ውስጥ የሚጠቅሱት የጥቅሉን ቁጥር፣ የቅጠሉን ቁጥርና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑን ነው፤ የምስል ቁጥር ብቻ የጠቀሰ ሰው አንባቢውን ሜዳ ላይ ጥሎታል።

አንድ ክስ ካገኙ በኋላ ቀጣዩን ለማግኘት የመጨረሻውን መስመር ያንብቡ። እያንዳንዱ ምዝገባ ማለት ይቻላል በቀጠሮ ያልቃል፦ ከፋሲካ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ በቅዱስ ማርቲን ማግሥት። ቀጠሮው የትኛውን ጥቅል ቀጥሎ እንደሚከፍቱ ይነግርዎታል። ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ዐምዶቹ የጥቅል ቁጥር፣ ቅጠል፣ ፊት ወይም ጀርባ፣ አውራጃ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ዓይነት፣ የቦታ ስሞች፣ የተሰጠ ቀጠሮ ይሁኑ። አሰልቺ ነው። ግን ሁለት መቶ መስመር ሲሞላ፣ ሦስት የተለያዩ የሚመስሉ ክሶች የአንድ ረግረግ ሙግት መሆናቸው የሚታየው በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ገዳሙ አንዱን ገበሬ በሣር ማጨድ ይከሳል፣ ሌላውን በከብት መንዳት፣ ሦስተኛውን በጉልበት ጥሶ በመግባት፤ ከሁሉም ጀርባ ያለው ጥያቄ መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው።

አሁን ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ በጥቅሉ ላይ ያለው አብዛኛው ጽሑፍ ክርክር አይደለም፤ ተከሳሹ ባለመቅረቡ ለሸሪፉ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛ፣ የተጀመረ ክስ ፍርድ ላይገኝለት ይችላል። ተከራካሪዎቹ በሽምግልና ይታረቃሉ፣ አንዱ ይሞታል፣ ወይም ከሳሹ ይተወዋል። ፍርዱን ካላገኙ የሽምግልናውን ሰነድ በገዳሙ የሰነድ ግልባጭ መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጉ። «የዓመት መጻሕፍት» የሚባሉት የጠበቆች ዘገባዎችም እስከ 1535 ድረስ አሉ፤ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ማውጫም በነፃ ይፈተሻል። ዘገባው የሚጽፈው የሕጉን ብልሃት ነው፤ ስም ያዛባል ወይም ጭራሽ ይተዋል፣ ከጥቅሉ ጋር ካልተስተያየም ለቦታ ጥናት ብዙ አይረዳም።

ቀን ማስላት

ብዙ የታተመ ስህተት የሚገኘው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። መዝገቡ ዓመትን የሚቆጥረው በንጉሡ ዘመነ መንግሥት ነው። የሄንሪ 6ኛ ዘመን የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1422 ነው፤ ስለዚህ ዘጠነኛ ዓመቱ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1430 እስከ ኦገስት 31 ቀን 1431 ይሄዳል። «በሄንሪ 6ኛ 9ኛ ዓመት፣ በቅዱስ ማርቲን ማግሥት» ማለት ኖቬምበር 12 ቀን 1430 ነው። የኤድዋርድ 3ኛ ዘመን ደግሞ ጃንዋሪ 25 ላይ ስለሚጀምር በጃንዋሪ የሚጀምረውን የሂላሪ የፍርድ ዘመን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ችሎቱ የሚከፈተው በአንድ የዘመነ መንግሥት ዓመት ነው፣ የሚዘጋው በሌላ።

በዚያ ላይ በእንግሊዝ የዓመት ቁጥር የሚቀየረው በማርች 25 ነበር። በፌብሩዋሪ 1430 የተጻፈ ደብዳቤ በዛሬ አቆጣጠር የ1431 ነው። በግልባጭዎ ላይ የሰነዱን ቃል እንዳለ ይጻፉ፣ የለወጡትን ቀን ከጎኑ ያስቀምጡ፤ አንዱን በሌላው አይተኩ።

የቻንስለሩ አቤቱታዎች ከዚህም ይብሳሉ፤ አብዛኞቹ ቀን የላቸውም። ዘመናቸው የሚገመተው አቤቱታው ለማን እንደተጻፈ በማየት ነው። «ለባዝ ጳጳስ፣ ለእንግሊዝ ቻንስለር» የሚል ቢያገኙ አይቸኩሉ፦ ጆን ስታፎርድ በ1432 ቻንስለር ሲሆን የባዝና የዌልስ ጳጳስ ነበር፣ በ1443 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እስኪሆንም በዚሁ ማዕረግ ቆየ። ሮበርት ስቲሊንግተንም በ1467 ቻንስለር ሲሆን የባዝና የዌልስ ጳጳስ ነበር። አንዱን በሌላው መሳት ሃያ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳስታል። የሚለዩአቸው የአመልካቾቹ ስሞች ናቸው፤ የአንዱ የኑዛዜ ቀን ወይም የሌላው ሹመት ነገሩን ይቆርጠዋል።

ችሎቱ ካርታውን ለምን አይጠቅሰውም?

ጀማሪውን ግራ የሚያጋባ ነገር ይህ ነው፦ ካርታው አለ፣ ክሱም ተገኘ፣ በጥቅሉ ላይ ግን ስለ ካርታ አንድም ቃል የለም። ምክንያቱ በሥርዓቱ ውስጥ ነው። የእንግሊዝ የጋራ ሕግ የመሬትን ነገር የሚያጣራው በእግር ነበር። በመሬት ክስ ተከሳሹ «ዕይታ» መጠየቅ ይችል ነበር፤ የተከሰሰበት መሬት በቦታው ሄዶ ይታያል። የ1285ቱ የዌስትሚንስተር ሁለተኛ አዋጅ ይህ የሚፈቀድባቸውን ክሶች ገድቧል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ ደግሞ ሸሪፉ ከናይቶች (ከባላባት ፈረሰኞች) ጋር ወሰኑን በእግሩ እንዲዞር በንጉሡ ትእዛዝ ይወጣል። ጁሪውም የአካባቢው ሰው ነው፤ መሬቱን ያውቀዋል ተብሎ ነው የሚጠራው። እንዲህ ላለ ችሎት ሥዕል ብዙ አይጠቅመውም።

ታዲያ ካርታው ለማን ተሣለ? ብዙውን ጊዜ መሬቱን ሄዶ ለማያይ ሰው ነው፤ ሩቅ ለተቀመጠ የመስፍን ምክር ቤት፣ ለሽማግሌዎች፣ ለጠበቃ፣ ወይም ገዳሙ ለመጪው ትውልድ መብቱን ለማኖር። ስለዚህ «ይህ ካርታ ለየትኛው ዳኛ ቀረበ?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት «መሬቱን ሄዶ የማያየው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

የኢንክልስሙር ካርታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዮርክ የነበረው የቅድስት ማርያም ገዳምና የላንካስተር ዱቺ፣ ኡዝና ትሬንት ወንዞች ከሚገናኙበት በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው ረግረግ ላይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተካሰሱ፤ ነገሩ የግጦሽና ለማገዶ የሚቆረጥ የረግረግ አፈር መብት ነው። ከ1399 ወዲህ የላንካስተር ዱቺ በንጉሡ በሄንሪ 4ኛ እጅ ስለሆነ የገዳሙ ባላንጣ ንጉሡ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። የክሱ ሰነድ መፈለግ ያለበት ስለዚህ በሲፒ 40 ሳይሆን በዱቺው መዛግብት ነው። ካርታው በሁለት ቅጂ ይገኛል፦ ትንሹ ዲኤል 42/12 በሚባለው የዱቺው የሰነድ መጽሐፍ ውስጥ፣ ትልቁና ባለ ብዙ ቀለሙ ኤምፒሲ 1/56 በሚል መለያ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሌለውን ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ ይበልጥ ይናገራል።

ካርታው ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ

ኪው የአንባቢ ካርድ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ማንነትንና አድራሻን የሚያሳዩ ሰነዶች ይዘው ይሂዱ፣ ሰነዱንም አስቀድመው ይዘዙ። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ ነው። እጅ ታጥቦ ይደርቃል፤ ለብራና ጓንት አያስፈልግም፣ ጣት እንዳይሰማ ያደርጋልና ይልቁንም ጉዳት ያመጣል። በራስዎ ካሜራ ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል።

ከሥዕሉ አይጀምሩ። መጀመሪያ ጀርባውን ያገላብጡ ዘንድ የንባብ ክፍሉን ሠራተኛ ይጠይቁ። ጀርባው ላይ የተጻፈ የክስ ስም፣ የቀድሞ ቁጥር ወይም የሰነድ ሣጥን ምልክት ከፊቱ ሥዕል በላይ ሊጠቅም ይችላል። ቀጥሎ እጥፋቱን ያጥኑ፤ በትንሹ ታጥፎ የቆየ ካርታ በእጅ የተጓዘ ወይም በሰነድ እሽግ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ እጥፋት የሌለው ትልቅ ብራና ተዘርግቶ የታየ ሊሆን ይችላል። የመርፌ ቀዳዳ ይፈልጉ፤ ከሌላ ሥዕል እየወጉ የገለበጡበት ምልክት ሊሆን ይችላል። የእርሳስ ወይም የሹል ብረት መስመር ካለ ሠዓሊው መጀመሪያ ምን እንደነደፈ ያሳያል። የጽሑፉን አቅጣጫ በየስሙ ይመዝግቡ። ስሞቹ በአራቱም አቅጣጫ ከተጻፉ ካርታው ሰዎች ከበውት ጠረጴዛ ላይ የሚያዩት ነው፤ «ላዩ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ትርጉም የለውም።

ከቀለሞቹ ለአረንጓዴው ይጠንቀቁ። ከመዳብ የተሠራ አረንጓዴ ብራናውን እየበላ ይሰነጥቀዋል፤ ውኃው ወይም ሜዳው ያለበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ቢያዩ የጠፋው ስም የት እንደነበረ ይገምቱ። ደብዘዝ ባለ ጽሑፍ ላይ ቡናማ እድፍ ካለ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፉን ለማጉላት የተቀባ የሐሞት ፍሬ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አስነበበው፣ ዛሬ ግን አጨለመው። የአልትራቫዮሌት መብራት ይጠይቁ፤ ለደበዘዘ ቀለም ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ለእድፉ ግን ብዙም አይሆንም።

አንድ ወጥመድ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ካርታዎች ከነበሩበት የክስ እሽግ ወጥተው በኤምፒ የሚጀምር የካርታ መለያ ተሰጥቷቸዋል፤ ይህ ለጥበቃ መልካም ሆኖ ሳለ ካርታውን ከሰነዱ ለይቶታል። በማውጫው ላይ «ከዚህ የወጣ» የሚል የቀድሞ መለያ ካለ ያንን እሽግ በዚያው ቀን ይዘዙ። ይህን የማያደርግ ሰው ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ ካርታውን «ባለቤት የሌለው» ብሎ ያሳትመዋል።

ካርታን ከመሬት ጋር ማስተያየት

የዘመኑን የካርታ ሶፍትዌር ከፍተው የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ብራና በሳተላይት ምስል ላይ ለመለጠጥ አይቸኩሉ። እነዚህ ካርታዎች በመለኪያ አልተሣሉም፤ ሶፍትዌሩ ግን አይቃወምም፣ ለጥጦ አንድ ነገር ይሰጥዎታል። በዚያ የሚወጣው የ«ስህተት» ቁጥር ስለ ሠዓሊው ምንም አይነግርም።

የሚሻለው ቅደም ተከተልን ማስተያየት ነው። በካርታው ላይ ያሉትን ስሞች ሁሉ በወሰኑ ዙሪያ በተራ ይጻፉ፤ ለእያንዳንዱም ጎረቤቱን ይመዝግቡ። ከዚያ ያንኑ ወሰን የሚገልጸውን ቻርተር (የመሬት መብት ሰነድ) ወይም የክስ ቃል ወስደው ስሞቹን በተራ ይጻፉ። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድም ሳይዛነፉ ከገጠሙ ካርታው ከጽሑፉ ላይ የተሣለ ሊሆን ይችላል፣ ቦታውን ያየ ሰው ላይኖር ይችላል። ካርታው ላይ በጽሑፉ የሌሉ መስቀሎች፣ ድልድዮችና ቤቶች ካሉ አንድ ሰው ሄዷል ወይም ከአካባቢው ሰው ሰምቷል። የተጨመረው ነገር የማንን ወገን እንደሚጠቅም ይመልከቱ።

ለዘመናዊ ማስተያያ የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት የሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይን የ19ኛ ክፍለ ዘመን ስድስት ኢንች (አንድ ማይል በስድስት ኢንች የሚታይባቸው) ካርታዎች ይጠቀሙ፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያሳያቸዋል። ይሁንና ውኃውን አይመኑ። በኢንክልስሙር አካባቢ ኮርኔሊየስ ቨርሙይደን ከ1626 ጀምሮ ረግረጉን ሲያደርቅ የዶን ወንዝን አካሄድ ቀየረ። የካርታው ወንዝ ከዛሬው ጋር አልገጠመም ብሎ ሠዓሊውን የሚወቅስ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቶ የተቆፈረን ቦይ እየጠየቀው ነው።

መጠንም ያታልላል። ፐርች የሚባለው የርዝመት መለኪያ በሕግ 16 ጫማ ተኩል ነው፤ 160 ካሬ ፐርች አንድ ኤከር፣ 4,047 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየአካባቢው ግን 18፣ 20 እንዲያም ሲል 24 ጫማ የሆነ ፐርች ነበር። በ20 ጫማ ፐርች የተለካ ኤከር 5,946 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ከሳሹና ተከሳሹ ስለ ኤከር ብዛት ሲከራከሩ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። የአካባቢውን ፐርች ሳያረጋግጡ ወደ ሄክታር አይቀይሩ።

ከክስ ውጭ የተሠራ የሕግ ካርታም አለ። ካንተርበሪ የነበረው የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳም መነኩሴ ቶማስ ኤልማም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጀው የታኔት ደሴት ካርታ ደሴቱን አቋርጦ የሚሄድ አንድ መስመር ያሳያል። በትውፊቱ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሡ ለተገደሉ ወንድሞች የደም ካሳ ለእኅታቸው መሬት ሲሰጥ፣ ልኩን የወሰነው አንዲት ለማዳ አጋዘን የሮጠችበት መንገድ ነው። ለገዳሙ ይህ ተረት አልነበረም፣ የባለቤትነት ማስረጃ እንጂ። መስመሩን በተረትነቱ ከተዉት ካርታው የተሣለበትን ምክንያት ጣሉት ማለት ነው።

ሰፋ ለማድረግ ለሚፈልግ፣ ከእንግሊዝ ውጭ መነሻው ባርቶሎ ዘሳሶፌራቶ ነው። ይህ የፔሩጃ የሕግ መምህር በ1355 ስለ ወንዞች በጻፈው ድርሳን፣ ወንዝ ደለል ሲጨምር፣ ደሴት ሲያበቅል ወይም አልጋውን ሲለቅ መሬቱ ለባለ ዳርቻዎቹ እንዴት እንደሚከፈል በኮምፓስና በማስመሪያ በተሠሩ ሥዕሎች አሳየ። በሮማ ሕግ የተማሩ ዳኞች ባሉበት አገር ሥዕል የክርክር አካል መሆን የቻለበትን መንገድ ለመረዳት ይህን ሳያነቡ አይለፉ፤ የእንግሊዝ ዝምታም ከዚህ ጋር ሲተያይ ይበልጥ ይገባል።

የመመረቂያ ጽሑፉና ሥራው

በብሪታንያ የዶክትሬት ጽሑፍ በአብዛኛው ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ይደርሳል፤ ሥራው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል፣ መጨረሻውም በውስጥና በውጭ ፈታኝ ፊት የሚደረግ የቃል ፈተና ነው። ሁለት አማካሪ ይጠይቁ፣ አንዱ የሕግ ታሪክ ሌላው የካርታ ወይም የመልክዐ ምድር ታሪክ የሚያውቅ። የሕጉ ሰው ካርታውን እንደ ጌጥ፣ የካርታው ሰው ክሱን እንደ ዳራ ያየዋል፤ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የእርስዎ ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለቋንቋ፣ ለእጅ ጽሑፍና ለአንድ ክስ ሙሉ ግልባጭ ይሁን። ካርታውን የሚመለከተውን ምዕራፍ መጀመሪያ አይጻፉ።

ለጥናት መጽሔት መጣጥፍ ሲያዘጋጁ ይለዩት። ለሕግ ታሪክ አንባቢ ሥርዓቱንና ክርክሩን የያዘ፣ ለካርታ ታሪክ አንባቢ፣ ለምሳሌ ከ1935 ጀምሮ ለሚታተመው ኢማጎ ሙንዲ፣ አሠራሩንና ሥዕሉን የያዘ ሌላ ጽሑፍ። አንዱን ጽሑፍ ርዕስ ቀይሮ ለሁለቱም መላክ በዚህች ትንሽ መስክ ቶሎ ይታወቃል፤ ገምጋሚዎቹ ብዙውን ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው።

«የኋለኛው መካከለኛ ዘመን ሕግና ካርታ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አይወጣም። የሚወጣው «የመካከለኛው ዘመን ታሪክ» ወይም በሕግ ፋኩልቲ «የሕግ ታሪክ» ነው። ስለዚህ ለማስተማር የሚችሉትን ሰፋ አድርገው ያዘጋጁ፦ ከ1215ቱ ማግና ካርታ (ታላቁ ቻርተር) እስከ ቱዶር ነገሥታት መምጣት የሚሄድ አጠቃላይ ኮርስ፣ የእጅ ጽሑፍ ንባብ ሥልጠና፣ የ1381 የገበሬዎች አመፅ። የመጨረሻው ለእርስዎ የተመቸ ነው፤ አመፀኞቹ በየመንደሩ የጌቶችን የችሎት ጥቅል እየፈለጉ ያቃጥሉ ነበርና ብራና ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ተማሪ በቀላሉ ይረዳል። የቤተ መዛግብት ሥራንም አይናቁ፤ ጥቅል ማንበብ የሚችል ሰው እዚያ ይፈለጋል።

የምስል ጉዳይ እስከ መጨረሻ አይቆይ። በንባብ ክፍል ያነሡት ፎቶ ለጥናት ነው፤ ለኅትመት የሚሆነው ለብቻው ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም ክፍያ ይጠይቃል፣ የኮሌጅና የካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በብሪታንያ ሕግ ሳይታተሙ የቆዩ የእጅ ጽሑፎች፣ የመካከለኛው ዘመን የሆኑት ሳይቀሩ፣ የቅጂ መብታቸው እስከ 2039 መጨረሻ ሊዘልቅ ይችላል። ሙሉ ግልባጭ በአባሪነት ሊያወጡ ካሰቡ ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘ ሳምንት ለባለ መዝገቡ ይጻፉ፤ መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላልና።